ወላይታ ላይ ቁርጥ ለማዘዝ፦ ለጀማሪ የዳኝነት መመሪያ

ሥጋ በእሳት ሲያልፍ ብዙ ጉድለቱ ይሸፈንለታል። ሽንኩርቱ፣ ቅቤውና የመጥበሻው ግለት ተባብረው ያረጀውን በሬ ወጣት፣ የከሳውን ድልብ ያስመስሉታል። ቁርጥ ይህ ከለላ የለውም። በሬው ምን ሲበላ እንደከረመ፣ ደክሞ ይሁን አርፎ እንደታረደ፣ ሥጋው ከተሰቀለ ስንት ሰዓት እንደሆነው ሁሉም በሳህኑ ላይ ተገልጦ ይቀርባል። ጀማሪዎች ቁርጥ ቤት ሲገቡ የሚያመነቱት ነገሩ ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ እየመሰላቸው ነው። እኔ ግን ከምግብ ሁሉ ለመዳኘት የሚቀለው ጥሬ ሥጋ ነው እላለሁ። ማስረጃው በሙሉ ዓይን ፊት አለ፤ የት የት መመልከት እንደሚገባ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ይህን ዕውቀት ለመቅሰም ወላይታ የሚመረጥ አገር ነው። የሥጋው ስም ከዞኑ አልፎ አዲስ አበባ ድረስ ይጠራል። በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ ወይም የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሻንቶ ልኳንዳ ቤት ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዙ ከሆነ፣ አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድመው ይያዙ፦ የቁርጥ ዋናው ባለሙያ ወጥ ቤት ውስጥ የለም። ባለሙያው በሬውን ደጁ ላይ አስሮ ለወራት የቀለበው ገበሬ ነው። ልኳንዳ ቤቱ የእሱን ሥራ ሳያበላሽ ማድረስ ነው ያለበት። የእርስዎም ዳኝነት የሚያርፈው በሁለቱ ሥራ ላይ ነው።

ዳኝነቱ ከገበሬው ደጅ ይጀምራል

ወላይታ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት አገር ነው። የአብዛኛው ገበሬ ማሳ አንድ ሔክታር አይሞላም፤ ከብትን በሰፊ መስክ ለቆ ማብላት ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። በሬ የሚደልበው ታስሮ ነው። ሣሩ ታጭዶ ይቀርብለታል፤ የስኳር ድንች ሐረግና ሥር፣ የበቆሎ አገዳ፣ የእንሰት ቅጠልና አሚቾ የሚባለው ሥሩ እንደየወቅቱ እየተከተፈ ይሰጠዋል። ማጨዱ፣ መሸከሙና ውኃ ማጠጣቱ የመላው ቤተሰብ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደልበው በሬ ለዓመታት ያረሰ ነው። የእርሻው ወቅት ሲያበቃ ከቀንበር ይወጣል፤ ከዚያም ለወራት እየተቀለበ ለበዓል ገበያ ይደርሳል።

ትልቁ ቀጠሮ በመስከረም ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚውለው በዚህ ወር ሲሆን፣ መስቀልም በዚሁ ወር ይከበራል። ለዚያ ሰሞን ወንዶች በማኅበር ተደራጅተው ለበሬ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ ሴቶች ደግሞ ቅቤና ቅመም ያዘጋጃሉ። ከብት እዚህ አገር ከምግብ በላይ የክብር መለኪያ ሆኖ ኖሯል፤ መቶ ከብት ለደረሰለት ሰው ዳላ የሚባል የማዕረግ ሥርዓት ይደረግለት ነበር። ገበሬው ለአንድ በሬ ይህን ያህል ድካም የሚያፈስሰው ከዚህ ባህል ወጥቶ ነው።

ይህ አቀላለብ ሥጋው ላይ ይነበባል። ብዙ የማይንቀሳቀስና ኃይል ሰጪ ሥራ ሥር የሚመገብ በሬ ስቡ ከቆዳው ሥር ብቻ አይከማችም፤ በሥጋው ክሮች መካከልም ይገባል። ጮማ የምንለው ሥጋ ጥርስ ላይ የሚለሰልሰውና በአፍ ውስጥ የሚቆየው ለዚህ ነው። እንግዲህ ልኳንዳ ቤት ገብተው የመጀመሪያው ጥያቄዎ ስለ ዋጋ አይሁን። «ወንድም፣ በሬው የየት ገበያ ነው? ድልብ ሰንጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሥራውን የሚያከብር ባለ ልኳንዳ ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። ገበያውን ይጠራል፤ አንዳንዱ ቀበሌውንና አድላቢውን ሳይቀር ይነግርዎታል። «ጥሩ ነው፣ አይስጉ» ብቻ ካለ ግን ገና መልስ አልሰጠም። ሰንጋ፣ ኮርማና የደረቀች ላም በሳህን ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የኮርማ ሥጋ ጠቆር ያለና ስብ አልባ ወደመሆን ያደላል፤ ያረጀች ላም ሥጋ ክሩ ይጠነክራል። ለቁርጥ የሚመረጠው የተኮላሸና የደለበ ሰንጋ ነው።

ሰዓቱን ይጠይቁ

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ታረደ?» የሚለው ነው። በከተማ ቄራ እርዱ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይከናወንና ሥጋው ጠዋት ልኳንዳ ቤት ይደርሳል። በትናንሽ የወረዳ ከተሞች ደግሞ እርዱ ከገበያ ቀን ጋር ይያያዛል፤ ገበያ በማይኖርበት ቀን የሚበላ ሰው ስለሚያንስ የተሰቀለው ሥጋ የትናንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻንቶን የመሰለ ከተማ ሲሄዱ ጉዞዎን ከገበያው ቀን ጋር ቢያገጣጥሙት ግማሹን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ከሌላው አገር ለሚመጣ ሰው የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከወላይታ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነው። በዚህ ምክንያት ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ጭምር፣ ሥጋ የሚያቀርብ ቤት አይጠፋም። ይሁን እንጂ በጾም ቀን የሚበላው ሰው ያነሰ ስለሚሆን ሰዓቱን መጠየቅ ያን ዕለት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል ይመዝናል? በሬ እንደታረደ ሥጋው ለስላሳና ሙቅ ነው፤ ሲነኩት እስከ መርገብገብ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ብርንዶ ወዳዶች የሚሽቀዳደሙት ለዚህች ሰዓት ነው። ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ጡንቻው ይገተራል፤ ያኔ ሥጋው ይጠነክራል፤ ጥርስን ያታግላል። እንደገና የሚላላው ቀን አልፎት ነው፤ ያም ቢሆን በማቀዝቀዣ ከቆየ ብቻ። ያለ ማቀዝቀዣ ያደረ ሥጋ ላላም አልላላም ለቁርጥ አይሆንም። ስለዚህ ወይ በጠዋት ገብተው ትኩሱን ይብሉ፤ ወይ ከዘገዩ በተፈጥሮው ለስላሳ የሆነ ብልት ይምረጡ።

የተሰቀለውን ያንብቡ

አሁን ወንበር ሳይስቡ ወደ ሥጋው ይጠጉ። ጥሩ ልኳንዳ ቤት ደንበኛው ቆሞ ሲያይ አይከፋውም፤ እንዲያውም ያዞርለታል።

መጀመሪያ ማኅተሙን ይፈልጉ። በቄራ የታረደና በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ ሥጋ ላይ የቀለም ማኅተም ይኖራል። ማኅተም የሌለው ሥጋ ምንም ያህል ቢያምር ለጥሬ አይታዘዝም። በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የለም።

ቀጥሎ ቀለሙ። አዲስ የተቆረጠ ሥጋ ውስጡ ጠቆር፣ ወይን ጠጅ መሰል ነው፤ አየር ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጠቆር ያለ ሥጋ ሲያይ «ይህ አሮጌ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ እውነታው ግን የትኩስነት ምልክት ነው። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ ላዩ ወደ ቡናማነት ወይም ወደ አረንጓዴነት ያደላ፣ ጠርዙ የደረቀ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ሥጋ ጊዜው አልፏል።

ከአሮጌ ሥጋ ሌላ አንድ ጥቁረት አለ፤ ጥሩ ዳኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሬው ረጅም መንገድ ተነድቶ፣ ተጠምቶና ደንግጦ ሳያርፍ ከታረደ፣ በጡንቻው ውስጥ የነበረው የኃይል ክምችት አልቆ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥጋ ከእርድ በኋላ በውስጡ ሊፈጠር የሚገባው አሲድ ያንሰዋል። ጥቁር፣ ደረቅና እጅ ላይ የሚጣበቅ ይሆናል፤ ቶሎም ይበላሻል። ትኩስ ቢሆንም ጥሩ አይደለም። ጠንቃቃ ነጋዴ በሬውን ከገበያ አምጥቶ ውኃ አጠጥቶ ሌሊቱን የሚያሳርፈው ለዚህ ነው። ከቅርብ ገበያ የመጣ በሬ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ መንገድ አላደከመውም።

ስቡን ደግሞ በሁለት ነገር ይመዝኑ፤ በጥንካሬው እና በቀለሙ። ጥሩ ስብ በደጋ አየር ጠንከር ብሎ ይቆማል፤ አይንጠባጠብም፤ አይዘፈዘፍም። ነጭ ወይም ቅቤ መሰል ቀለም ያለው ስብ ከሥራ ሥርና ከእህል ጋር ይሄዳል። ቢጫነት ከለምለም ሣር የሚመጣ ነው፤ ከዕድሜም ጋር ይጨምራል። ቢጫ ስብ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ቢጫ ስብና ሻካራ ክር አንድ ላይ ሲገኙ ግን በሬው አርጅቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሽታ። ትኩስ የበሬ ሥጋ ሽታው እጅግ ቀላል ነው። ደጃፉ ላይ ሽታ ከተቀበለዎት ዳኝነቱ እዚያው ደጃፉ ላይ አበቃ።

ብልቱን ይምረጡ

አስተናጋጇ «ምን ይሁንልዎት?» ስትል «ቁርጥ» ብሎ ማቆም ምርጫውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው። ብልቱን በስሙ ይጥሩ። ደንቡም አስቸጋሪ አይደለም፤ በሬው አብዝቶ የሠራበት ጡንቻ ይጠነክራል፣ ያልሠራበት ይለሰልሳል።

ጭቅና ከሁሉ የለሰለሰው ነው። ከወገብ ሥር ተደብቆ ስለሚኖር ሥራ አልበዛበትም፤ ስብ ግን የለውም። ጥሬ ሥጋ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው መግቢያው እሱ ነው። ሽንጥ ከላይኛው ወገብ የሚወጣ ነው፤ ለስላሳነትም ጣዕምም አለው፤ ዳርና ዳሩን የስብ ሽፋን ያጅበዋል። ሻኛ የበሬው ጉብታ ነው። ስቡ ከሥጋው ጋር በቀጭን በቀጭኑ ተሳክቶ ስለሚገኝ አፍ ውስጥ ይቀልጣል፤ በደንብ የተቀለበን በሬ ካልተቀለበው ለመለየት ከሻኛ የበለጠ ምስክር የለም። ዳቢት ከትከሻው አካባቢ የሚወጣ፣ ጥርስን ትንሽ የሚያሠራ፣ ጣዕሙ ጠለቅ ያለ ሥጋ ነው። ከኋላ እግር የሚወጡት ታላቅና ታናሽ ቀይ ሥጋ ለሚወዱ ናቸው። ጎድንና ፍርምባ ለእሳት ይቆዩ።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ብልት አጣምሮ ማዘዝ ነው፤ ከሽንጥ እና ከሻኛ። ሽንጡ ስለ ሥጋው፣ ሻኛው ስለ አቀላለቡ ይነግርዎታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ዳቢት ያዛሉ። ዳቢት ከበሉ በኋላ ጥሩ ነው ማለት ከቻሉ፣ በሬው በእርግጥ ጥሩ በሬ ነበር።

አስተዛዘዝ

ሥጋ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቆመው ይዩ፤ አጥንት ይኑርበት አይኑርበት ከመመዘኑ በፊት ይነጋገሩ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ የቤቱ ልማድ ነው፤ ሁሉም ደንበኛ ያደርገዋል። ለሁለት ጀማሪ ሩብ ኪሎ ለጥሬ፣ ግማሽ ኪሎ ለጥብስ ይበቃል። «ሩቡን ለቁርጥ፣ የቀረውን ደረቅ ጥብስ» ማለት የተለመደ ትእዛዝ ነው፤ ለዳኝነትም ይጠቅማል። ያው በሬ በጥሬና በእሳት ሲቀርብ ስለሚያነጻጽሩት ወጥ ቤቱ ምን እንደጨመረና ምን እንዳበላሸ ይገባዎታል። ክትፎ ከፈለጉ ለብለብ የሚባለው መንገድ አለ፤ ጥሬነትን ለሚፈራ ሰው ጥሩ ድልድይ ነው።

ብዙ ከሆናችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስቆርጡ። ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ይሞቃል፣ ስቡ ይላላል፣ ውኃ ይለቃል። ግማሹ ይምጣ፤ ሲያልቅ ሌላው ይቆረጥ። ከሥጋው ሥር ቀይ ውኃ ተጠራቅሞ ከመጣልዎት ሥጋው ቀድሞ ተቆርጦ ሲጠብቅ የቆየ ነው።

ቢላው የሙያው አንድ ክፍል ነው። ስል ቢላ የሥጋውን ክር አግድም ይቆርጣል፤ ገጹ ያብረቀርቃል። የደነዘ ቢላ ይጎትታል፤ ሥጋውም እየተበጫጨቀ ይመጣል። ቆራጩ ክሩን አይቶ ሥጋውን ሲያዞር ካዩት ደስ ይበልዎት፤ ክሩን ተከትሎ ሳይሆን ክሩን አቋርጦ የተቆረጠ ሥጋ ለጥርስ ይቀላል። የለመዱት ሰዎች ሙዳውን በግራ እጅ ይዘው ጫፉን ነክሰው ከከንፈራቸው አጠገብ በቢላ ይቆርጣሉ። ለጀማሪ ግን ሳህኑ ላይ ቆርጦ መብላት ምንም ነውር የለውም፤ ማንም አይታዘብዎትም።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ያለ ምንም ማባያ ይብሉት። ይህን ምክር አጥብቄ እሰጣለሁ። ያለ በርበሬና ያለ እንጀራ የተበላ አንድ ቁራጭ ገበሬው የሠራውን ሥራ ሳይቀላቀል ያሳያል፤ ረጋ ያለ ጣፋጭነት፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ የስብ ጣዕም፣ ከተዋጠ በኋላ ትንሽ የሚቆይ ጨዋማነት። ብረት ብረት የሚል ወይም የሚጎመዝዝ ነገር ከቀረ በሥጋው ላይ እንከን አለ። ከዚህ በኋላ ወደ ዳጣው ይሂዱ።

ዳጣው የቤቱ ፊርማ ነው

ሥጋው የገበሬው ሥራ ከሆነ ዳጣው የቤቱ ነው። ሁለት ልኳንዳ ቤቶች ከአንድ ገበያ የገዙትን በሬ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ዳጣቸው ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ዳጣ የሚዘጋጀው ከትኩስ በርበሬ ነው፤ አረንጓዴም ቀይም አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ድንብላል፣ ኮረሪማና ጨው ገብቶ አብሮ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል። ከዚያ ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ ይብላላል። የበርበሬው ጥሬ ቁጣ ይረግባል፤ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ይመጣል፤ ቅመሞቹም ይዋሐዳሉ። ህንዶች ከአረንጓዴ ቃሪያ፣ ከድንብላል ቅጠልና ከዝንጅብል ፈጭተው ከምግብ ጎን የሚያቀርቡት ቸትኒ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተፈጨ ይበሉታል። የዳጣ ጥልቀት የሚመጣው ከቆይታው ነው።

ለመዳኘት በእንጀራ ወይም በቂጣ ጫፍ ጥቂት ይቅመሱ። ጥሩ ዳጣ በቅደም ተከተል ይናገራል፤ መጀመሪያ መዓዛ፣ ቀጥሎ ኮምጠጥ ማለቱ፣ በስተመጨረሻ ማቃጠሉ። መጀመሪያውኑ የሚያቃጥልና ከማቃጠል ሌላ የሚለው የሌለው ዳጣ ቅመሙ ተሰስቶበታል። ሳህን ላይ ሲያስቀምጡት ውኃው ከተለየ ውኃ በዝቶበት በማሽን የተፈጨ ነው። ምላስን የሚያኮማትር ኮምጣጣ ከሆነ ቆይታው አልፏል፤ ወይም በሎሚ ተጭበርብሯል።

ዝንጅብሉን ለብቻው ይፈልጉት። ወላይታ፣ በተለይ የቦሎሶ አካባቢ፣ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የዝንጅብል አብቃዮች አንዱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተዛመተ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ማሳውን ጠራርጎ ብዙ ገበሬ ከዝንጅብል ወጣ። ስለዚህ ዝንጅብል በደንብ የገባበት ዳጣ ያገኙ እንደሆነ ያንን ቤት ያክብሩት፤ ቅመም ሲወደድም ልኩን አልቀነሰም።

ዳጣ ከሥጋው ጋር አለመቀላቀሉ ራሱ ትልቅ ጨዋነት ነው። ፈረንሳዮች ታርታር የሚሉትን ጥሬ ሥጋ በተከተፈ ሽንኩርት፣ በሰናፍጭና በእንቁላል አስኳል ለውሰው ያቀርባሉ፤ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን በላተኛው ሥጋውን ለብቻው አያገኘውም። በወላይታ ገበታ ሥጋው በአንድ ወገን፣ ዳጣው በሌላ ወገን ይቀመጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ተመጋቢው ነው። ሥጋው ላይ አስቀድሞ ዳጣ ወይም አዋዜ አፍስሶ የሚያመጣ ቤት ካጋጠመዎት ምን እንደሚሸፍን ይጠይቁ።

ከጎኑ የሚቀርበው

ከእንጀራና ከዳቦ ይልቅ ቆጮ ይጠይቁ። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ለረጅም ጊዜ የሚብላላ ነው። ጥሩ ቆጮ ነጣ ያለ፣ ቃጫው የተለቀመ፣ ስስ ሆኖ የተጋገረ ነው፤ ሽታው ኮምጠጥ ይላል እንጂ አይከረፋም። ስቡ የበዛ ሥጋ ሲበሉ የቆጮው ኮምጣጣነት አፍን ያጥባል፤ ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የኖሩት።

በበዓል ሰሞን፣ በተለይ በጊፋታ፣ ባጪራና ሙቹዋ የሚባሉ ምግቦች በየቤቱ ይሠራሉ። ከእንሰት ተሰናድተው በቅመም ቅቤ የሚለወሱ ናቸው። በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ ሁልጊዜ አይገኙም፤ በዚያ ሰሞን ቤታቸው ከጋበዙዎት ግን ሳያመነቱ ይሂዱ። እዚያ የሚዳኙት ቅቤውን ነው፤ በኮረሪማ የተነጠረ፣ ትኩስ፣ ሽታው ያልተለወጠ መሆኑን።

ለመጠጥ ቦርዴ ካገኙ ይሞክሩት። ከበቆሎና ከሌሎች እህሎች የሚጠመቅ፣ ወፈር ያለ፣ የአልኮል መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ መጠጥ ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ በደረሰበት ቀን ይጠጣል፤ ጣፋጭና ኮምጣጣው ሲመጣጠን ጥሩ ነው፤ ኮምጣጣው ከበረታ ዘግይተዋል። ገበታው ሲነሳ የቡና ቅጠል ይጠይቁ። ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ተፈልቶ ይጠጣል፤ ከከባድ ሥጋ በኋላ ሆድን ያቀላል።

ስለ ጤና በግልጽ

ጥሬ ሥጋን የሚወድ ሰው አደጋውን መደበቅ የለበትም። የኮሶ ትል የሚተላለፈው እጩ ያለበትን የበሬ ሥጋ በጥሬው ወይም ሳይበስል በመብላት ነው። የኢትዮጵያ እናቶችና አባቶች ለዘመናት የኮሶ አበባ ሲጠጡ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። የቄራ ምርመራ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ጥቂት እጭ ያለበት ሥጋ ከዓይን ሊያመልጥ ይችላልና። ሥጋው እስከ ውስጡ በደንብ ከበሰለ ግን እጩ ይሞታል። ዳጣና አረቄ እጩን ይገድላሉ የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናትና በሕመም የተዳከሙ ሰዎች ጥብሱን ይብሉ፤ እሱም ከዚያው ጥሩ በሬ የመጣ ነው። ሌላው ሰው ቁርጥ ከበላ በኋላ የሆድ ለውጥ ካየ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ ውጤታማ መድኃኒት አለ። የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ የቢላውና የመክተፊያው ንጽሕና፣ ሥጋውን ከዝንብ የሚከላከል መጋረጃ ወይም ወንፊት መኖሩም የዳኝነቱ አካል ናቸው። ሥጋው ግሩም ሆኖ መክተፊያው የቆሸሸ ቤት ፈተናውን ወድቋል።

ዕውቀቱን ወደ አዲስ አበባ ሲወስዱት

አዲስ አበባ ውስጥ «የወላይታ ሥጋ» የሚል ማስታወቂያ ያለበት ቤት ሲያገኙ ጥያቄዎቹ አይለወጡም፤ ብቻ ይከብዳሉ። በሬው በሕይወት ተጭኖ ከመጣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተጉዟል። ስለዚህ እዚያ ዋናው ጥያቄ «ከመጣ በኋላ ስንት ቀን አረፈ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ነጋዴ በሬውን ያውቀዋል፤ የማይመልስ ግን ስሙን ብቻ ነው የሚሸጠው። ዳጣውንም በዚያው ዓይን ይዩት፤ የቆየ ይሁን ጠዋት የተፈጨ መሆኑን አንድ ጊዜ መቅመስ ይነግርዎታል።

ሂሳብ ሲከፍሉ «ጥሩ ነበር» ብለው ብቻ አይውጡ። ምን ጥሩ እንደነበር ለይተው ይናገሩ፤ «ሻኛው በደንብ የተቀለበ በሬ ነው»፣ «ዝንጅብሉ ይሰማል»፣ ወይም «ሽንጡ ቀድሞ ተቆርጦ ውኃ ለቋል»። እንዲህ ያለ ቃል ከልኳንዳ ቤቱ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ አድላቢው ይደርሳል። ለስብ ብቻ ሳይሆን ለአቀላለብ ዋጋ የሚሰጥ ደንበኛ ሲበዛ፣ ስኳር ድንችና አሚቾ እየከተፈ በሬውን በትዕግሥት የሚያደልበው ገበሬ ለድካሙ የሚገባውን ያገኛል። በጥድፊያ ያደለበ ግን አያገኝም። ጥሩ ሥጋ የሚበረክተው በጥሩ በላተኛ ነው፤ ጀማሪውም እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ከጥሩ በላተኞቹ አንዱ ነው።